ሕግ የፈቀደው ጉዳት፦ ሄክሴን፣ ያረጀው የአየር ወሰንና በሠራተኛው ቋንቋ ያልተጻፈው ማስጠንቀቂያ

የፍሬን ማጽጃ ቆርቆሮ የሌለበት ጋራዥ ማግኘት ያስቸግራል። መካኒኩ ጎማውን ይፈታል፤ ዘይትና ጥላሸት በያዘው ብረት ላይ ማጽጃውን ይረጫል፤ ቅባቱ ወዲያው ይሟሟል፤ ፈሳሹ በቅጽበት ተንኖ ብረቱን ደረቅና ንጹህ አድርጎት ይሄዳል። ሥራውን ያቀለለው ይህ ፈጣን መትነን ነው። አደጋው የሚነሣውም ከዚያው ነው። ከብረቱ ላይ የጠፋው ፈሳሽ ከጋራዡ አልወጣም፤ ወደ አየሩ፣ ከአየሩም ወደ ሠራተኛው ሳንባ ገብቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ ከቆዩት አሟሚ ፈሳሾች አንዱ ሄክሴን የተባለው ሃይድሮካርቦን ነው።

ሄክሴን የእጅና የእግር ነርቮችን እንደሚጎዳ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ዛሬም የሚፈቅደው መጠን፣ የመንግሥቱ የራሱ የምርምር ተቋም ከሚመክረው 10 እጥፍ ነው። በቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም በእንግሊዝኛ ብቻ ቢጻፍ ደንቡ አይቃወምም። እነዚህ ሁለት ክፍተቶች ሲገናኙ ሸክሙ የሚወድቀው እንግሊዝኛን ለመግባባት ያህል በሚናገር፣ የኬሚካል ማስጠንቀቂያ አንብቦ ለመረዳት ግን በማይችል ስደተኛ ሠራተኛ ላይ ነው። በጋራዥ፣ በማተሚያ ቤትና በጽዳት ሥራ ኑሯቸውን የመሠረቱ አማርኛ ተናጋሪዎችም የዚህ ሸክም ተካፋዮች ናቸው። ሁለቱንም ክፍተቶች መድፈን የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው፤ መንገዱም ያልተሞከረ አይደለም።

የፈሳሹ ጠባይ

ሄክሴን 6 የካርቦንና 14 የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ፣ ቀለም የሌለው ቀላል ፈሳሽ ነው። ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ዘይትን፣ ቅባትንና ማጣበቂያን ግን በቀላሉ ያሟሟል። የሚፈላው በ69 ዲግሪ ሴልሺየስ በመሆኑ ከሚነካው ነገር ላይ ፈጥኖ ይተናል። ኢንዱስትሪ የወደደውም ለዚህ ነው። የአኩሪ አተር ዘይት ፋብሪካዎች የተፈጨውን እህል በሄክሴን አጥበው ዘይቱን ያወጣሉ፤ ከዚያም ሄክሴኑን አትንነው እንደገና ይጠቀሙበታል። በጫማና በቆዳ ሥራ ማጣበቂያዎች፣ በማተሚያ ቤት ማጽጃዎች፣ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎችና በላቦራቶሪዎችም የተለመደ ነው። መኪና በሚነዳበት ቤንዚን ውስጥ እንኳ በጥቂቱ ይገኛል።

ለሕግ ሥራ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ስድስቱ የካርቦን አቶሞች የሚደረደሩባቸው አምስት ቅርጾች አሉ። ነርቭ በመጉዳት የታወቀው ካርቦኖቹ በአንድ ቀጥተኛ ሰንሰለት የተያያዙበት፣ መደበኛ ሄክሴን የሚባለው ነው። በገበያ ላይ «ሄክሴን» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የእነዚህ ቅርጾች ድብልቅ ሲሆን፣ የቀጥተኛው ድርሻ ከምርት ምርት በእጅጉ ይለያያል። አንዳንድ መለያ ጽሑፎች ደግሞ ስሙን ሳይጠሩ «ፔትሮሊየም ዲስቲሌት» ብለው ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት አስተማማኙ መታወቂያ ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። መደበኛ ሄክሴን በዓለም አቀፉ የኬሚካል መዝገብ 110-54-3 የሚል ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር እንግሊዝኛ የማያነብ ሠራተኛም በደኅንነት መረጃ ሰነዱ ላይ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።

ፈጥኖ የሚታየው አደጋ

የሄክሴን የመጀመሪያ አደጋ እሳት ነው። ከዜሮ በታች በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል። በአየር ውስጥ 1.1 በመቶ ያህል ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እንፋሎቱ ከአየር 3 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ በወለል ላይ እየተሳበ በመኪና መፈተሻ ጉድጓድ፣ በምድር ቤትና በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ይተኛል።

የሉዊቪል ከተማ ነዋሪዎች ይህን በየካቲት ወር አንድ ማለዳ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1981 ከአንድ የአኩሪ አተር ፋብሪካ ወደ ፍሳሽ መስመር የገባ ሄክሴን ተቀጣጥሎ ከሁለት ማይል በላይ የሚሆን ጎዳና ፈነዳ። ብልጭታው የመጣው በጎዳናው ላይ ሲያልፍ ከነበረ መኪና እንደሆነ ይታመናል። ሰዓቱ ጎሕ ሳይቀድ በመሆኑ ሰው አልሞተም፤ ከተማይቱ ግን ቱቦዎቿን ለመጠገን ረጅም ጊዜ ፈጅቶባታል።

እሳት ጩኸት አለው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይመጣል፣ ምርመራ ይከፈታል፣ ጋዜጣ ይጽፋል። ሁለተኛው የሄክሴን አደጋ ግን ድምፅ የለውም።

ዘግይቶ የሚታየው አደጋ

ወደ ሳንባ የገባ ሄክሴን ወደ ደም ይዘልቃል። ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ሄክሴንዳዮን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። ነርቭን የሚጎዳው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ነው። በነርቭ ክር ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ክሩ በቦታ በቦታ ያብጣል፤ ከጫፉ ጀምሮም ይሞታል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ምልክቱ የሚጀምረው በእግርና በእጅ ጣቶች ነው። መጀመሪያ መደንዘዝና መቆንጠጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ እግር ይዝላል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል፣ እጅ መፍቻ መጨበጥ ይሳነዋል።

በሽታውን አሳሳች የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለወራት ተጠራቅሞ ስለሚመጣ ሠራተኛው ከድካም ጋር ያያይዘዋል፤ ሐኪሙም ስለ ሥራው ካልጠየቀ ስኳር በሽታን ወይም የቫይታሚን እጥረትን ሊጠረጥር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ከሥራው ከራቀ በኋላ እንኳ ለጥቂት ወራት ሊባባስ ይችላል፤ ማገገም ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ጉዳቱ የበረታበት ሰው ፈጽሞ ላይድን ይችላል። ሦስተኛ፣ እንደ ሜቲል ኢቲል ኬቶን ያሉ ሌሎች አሟሚዎች ከሄክሴን ጋር ሲደባለቁ መርዛማነቱን ያበረታሉ። የፍሬን ማጽጃና የጫማ ማጣበቂያ ደግሞ በአብዛኛው ድብልቆች ናቸው።

መከላከያ የሚመስለውም ሁሉ መከላከያ አይደለም። የሕክምና ጭምብል የአሟሚ እንፋሎትን አያግድም። ቀጭን የላቴክስ ጓንት ሄክሴንን አይቋቋምም፤ የኒትራይል ጓንት ይሻላል፤ አሴቶን የተቀላቀለበትን ምርት ግን እሱም ብዙ አይችለውም። የሄክሴን ሽታ ደካማ ስለሆነና አፍንጫም ስለሚለምደው፣ «አይሸትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ተደጋግሞ የተጻፈ ታሪክ

በ1960ዎቹ በጃፓን፣ በቤታቸውና በአነስተኛ ሥራ ቤቶች ጫማ በሚያጣብቁ ሠራተኞች ላይ የእግርና የእጅ መዛል ታየ። ምክንያቱ በማጣበቂያው ውስጥ የነበረው ሄክሴን ነበር። በጣሊያንም የጫማ ሠራተኞች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል።

ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ታሪኩ በካሊፎርኒያ ጋራዦች ተደገመ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1999 እስከ 2000 በመኪና ጥገና ሠራተኞች ላይ ከሄክሴን ጋር የተያያዘ የነርቭ ጉዳት መገኘቱን ገለጸ። ለሕግ አውጪ የሚጠቅመው ትምህርት ሄክሴኑ ወደ ቆርቆሮው የገባበት መንገድ ነው። ቀደም ሲል የፍሬን ማጽጃዎች ክሎሪን ባላቸው አሟሚዎች ይሠሩ ነበር። እነዚያ አሟሚዎች ለአካባቢና ለጤና አሥጊ መሆናቸው ሲታወቅና ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ አምራቾች የሄክሴንና የአሴቶን ድብልቅ ተኩ። አየሩን ለመጠበቅ የተወሰደ ርምጃ የሠራተኛውን ነርቭ ሳያይ አለፈ። አንዱን መርዝ ሲከለክል ምትኩን የማይመረምር ሕግ፣ ጉዳቱን ከአንድ ትከሻ አንሥቶ በሌላው ላይ ይጭናል።

ከዚያ በኋላ ተራው የቻይናዋ ሱዡ ከተማ ሆነ። የስልክ መስታወት የሚሠራ ፋብሪካ፣ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ብቻ በአልኮል ምትክ በሄክሴን መጥረግ ጀመረ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአቅራቢዎች ዘገባ በዚህ አቅራቢው ፋብሪካ 137 ሠራተኞች መጎዳታቸውን አመነ። በአራቱም አገሮች ነገሩ የተጀመረው ፈጥኖ የሚደርቅ ርካሽ ፈሳሽ በመምረጥ ነው፤ በአራቱም ዋጋውን የከፈለው ስለ ፈሳሹ ምንም ያልተነገረው ሰው ነው።

500 እና 50

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭር ስሙ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በመቶዎች ለሚቆጠሩ ኬሚካሎች የአየር ወሰን አወጣ። ቁጥሮቹን በአብዛኛው የወሰደው የኢንዱስትሪ ንጽህና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ካዘጋጀው ዝርዝር ነው። የሄክሴን ወሰን በ8 ሰዓት አማካይ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 500 ሆነ። ቀስ በቀስ የነርቭ ጉዳቱ ማስረጃ ሲከማች ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቁጥራቸውን ወደ 50 ዝቅ አደረጉ። ብሔራዊው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረውም 50 ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ለአባል አገሮቹ ያመለከተው ወሰን ደግሞ 20 ነው።

ኦሻ ቁጥሩን ለማረም አልሞከረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ደንብ 428 ንጥረ ነገሮችን በአንድነት ሲያሻሽል ሄክሴንንም ወደ 50 አውርዶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን የ11ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን ሙሉ በሙሉ ሻረው። የፍርድ ቤቱ መከራከሪያ፣ መሥሪያ ቤቱ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር አደጋና የእያንዳንዱን ወሰን ተፈጻሚነት ለየብቻ አላሳየም የሚል ነበር። በዚህም ሄክሴን ወደ 500 ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ኦሻ ራሱ ብዙዎቹ ወሰኖቹ ያረጁና የሠራተኛን ጤና ለመጠበቅ የማይበቁ መሆናቸውን በይፋ ይናገራል።

የቁጥሩን ትርጉም ለማየት አንድ ንጽጽር ይበቃል። የምርምር ተቋሙ፣ የእሳት አደጋውን አስቦ፣ ለሕይወት ፈጥኖ አሥጊ ነው የሚለው መጠን 1,100 ነው። አንድ ሠራተኛ በየቀኑ ስምንት ሰዓት እንዲተነፍሰው የተፈቀደው መጠን የዚህን ግማሽ ሊያህል ጥቂት ነው የሚቀረው።

የቆርቆሮው ቋንቋ

ሁለተኛው ክፍተት ቋንቋ ነው። የፌዴራሉ የኬሚካል አደጋ ማሳወቂያ ደንብ መለያ ጽሑፉና የደኅንነት መረጃ ሰነዱ በእንግሊዝኛ እንዲሆኑ ያዛል፤ ሌላ ቋንቋ መጨመርን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ሥልጠናን በተመለከተ ግን አቋሙ የተለየ ነው። ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው የፖሊሲ መግለጫ፣ አሠሪው ሥልጠናውን ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና ቃላት መስጠት እንዳለበት አረጋግጧል። ስለዚህ የመብቱ መሠረት አለ። የጎደለው፣ ተቆጣጣሪው ወደ ሥራ ቦታው ሲሄድ «ይህ ሰው የሠለጠነው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅና ማስረጃ እንዲያይ የሚያደርግ አሠራር ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ይህ ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው የከተማይቱን መሥሪያ ቤቶች እንጂ የግል አሠሪዎችን አይደለም። በመሆኑም አንድ መካኒክ የከተማውን አገልግሎት በቋንቋው ሲጠይቅ ይስተናገዳል፤ በእጁ የያዘው ቆርቆሮ ግን ነርቩን ሊጎዳ እንደሚችል በቋንቋው የሚነግረው የለም። ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የጤና ጉዳትን እንደሚያመለክት ያልተነገረው ሰው፣ ምስሉን እንደ ማስዋቢያ ነው የሚያየው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በመርካቶና በአካባቢው ያሉ አነስተኛ የጫማ ሥራ ቤቶች ሶልን ከቆዳ ጋር የሚያያይዙት በማስቲሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ማጣበቂያ በተለምዶ እንደ ቶሉይንና ሄክሴን ባሉ አሟሚዎች ይዘጋጃል። በውጭ ያሉ ቡድኖች በአማርኛ የሚያዘጋጁት ግልጽ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ከጋራዡ አልፎ ለጫማ ሠሪውም ይደርሳል። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተተረጎመ ሰነድ በሁለቱም አገር ያገለግላል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአነስተኛ ጋራዥ ባለቤቶች ይመጣል፤ ቀላል ተደርጎ መታየትም የለበትም። ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው፤ ትርፋቸው ጠባብ ነው፤ አየር ለማስለካት የሚከፍሉት የላቸውም። ይሁን እንጂ ጉዳቱን ለማስቀረት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በውሃ ላይ የተመሠረቱ የፍሬን ማጠቢያዎች አሉ። ለአንዳንድ ሥራ ሄፕቴን የሚባለው ሰባት ካርቦን ያለው ዘመዱ ይተካዋል፤ እሱም ተቀጣጣይ በመሆኑ እሳትን በሚመለከት ያው ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ነርቭን የመጉዳት ኃይሉ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ባለቤቶችም ብቻቸውን አልተተዉም። ኦሻ ለአነስተኛ ድርጅቶች ነፃ የምክር አገልግሎት አለው፤ አገልግሎቱ ከቅጣት ክፍሉ የተለየ ስለሆነ ምክር የጠየቀ ባለቤት በመጠየቁ አይቀጣም። ይህን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የጋራዥ ባለቤት ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕጋዊ ነው፤ ፍርድ ቤት የሻረውን ወሰን መልሶ ማምጣት አይቻልም የሚል። ፍርዱ የከለከለው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን በጅምላ መወሰንን ነው። ለአንድ ንጥረ ነገር ብቻ፣ በራሱ ማስረጃ የተደገፈ ደንብ ማውጣትን አልከለከለም። ለሄክሴን ማስረጃው ከአራት አገሮች ሠራተኞች አካል ላይ ተሰብስቧል። ተፈጻሚነቱን በተመለከተም የራሳቸውን የሥራ ደኅንነት ደንብ የሚያስፈጽሙት ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛት 50ን ሕጋዊ ወሰን አድርገው ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ ጋራዦቻቸውም አልተዘጉም።

ከሕግ አውጪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ የኮንግረስ አባላት ኦሻ ለሄክሴን ራሱን የቻለ ደንብ እንዲያወጣና ወሰኑን ቢያንስ ወደ 50 እንዲያወርድ ይጠይቁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውንም በጀት ይመድቡ። እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ የራሳቸው የሥራ ደኅንነት ዕቅድ ያላቸው ግዛቶች የፌዴራሉን መንግሥት መጠበቅ የለባቸውም። የሕግ አውጪ ረዳት የመጀመሪያ ሥራ የግዛቱን የአየር ወሰን ሠንጠረዥ ከፍቶ ቁጥር 110-54-3 ፊት የተጻፈውን ማየት ነው።

ሁለተኛ፣ የሥልጠና መዝገብ ሠራተኛው የሠለጠነበትን ቋንቋ እንዲያሳይ በደንብ ይታዘዝ። ኦሻ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በሱዛን ሃርውድ ስም የሚሰጠው የሥልጠና ድጋፍ ለአማርኛ ሥልጠና እንዲውል የማኅበረሰብ ድርጅቶች ያመልክቱ፤ የሕግ አውጪ ቢሮዎችም ይደግፏቸው።

ሦስተኛ፣ ከተሞችና አውራጃዎች በራሳቸው ጋራዦችና በሥራ ተቋራጮቻቸው ዘንድ መደበኛ ሄክሴን የሌለበት ማጽጃ ብቻ እንዲገዛ ይወስኑ። የግዢ ውሳኔ የፌዴራል ደንብ አያስጠብቅም፤ ገበያውንም ይለውጣል። ውሳኔው ግን ምትኩን ጭምር የሚመረምር ይሁን፤ አለዚያ የካሊፎርኒያው ስሕተት ይደገማል።

አራተኛ፣ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች የሚበዙባቸው ክሊኒኮች እጅና እግሩ ደንዝዞ የመጣን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው? በእጅህ ምን ትነካለህ?» ብለው እንዲጠይቁ መመሪያ ይሰጣቸው። ሄክሴንዳዮን በሽንት ምርመራ ይታያል፤ የነርቭ ፍጥነትም ይለካል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን በምንም መሣሪያ አይለካም።

ኢትዮጵያውያን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ስለ ሄክሴን ሲነገር ብሂሉ ሁለት ጊዜ እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ለእሳቱ፣ አንድ ጊዜ ለነርቩ። መደንዘዝ የጀመሩ ጣቶች ከሥራው በጊዜ ቢርቁ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ፤ ዘግይተው ቢርቁ ላይመለሱ ይችላሉ። የሕግ መዘግየትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በ500 የቆመባቸው ዓመታት ዋጋቸው የተከፈለው በሰው እጅና እግር ነው፤ ያንን ዋጋ የከፈሉትም ቁጥሩን ከቶ ያላዩት፣ ማስጠንቀቂያውንም ሊያነቡት ያልቻሉት ናቸው።